የዜግነት ማስረጃ፦ ምስክር ሳያልፍ መዝገብ ይያዝ

በቅዳሜ ገበያ ከአሪ፣ ከበና፣ ከማሌና ከሙርሲ የመጣው ሕዝብ ጂንካን ሲሞላት፣ አንዱን አዛውንት ጠጋ ብሎ «አባቴ፣ ኢትዮጵያዊ ለመሆንዎ ማስረጃዎ ምንድን ነው?» የሚላቸው ሰው ቢኖር ጥያቄው ራሱ ያስቃቸዋል። የተወለዱበትን ቀዬ ያመለክታሉ፤ የአባታቸውንና የአያታቸውን ስም ይቆጥራሉ፤ ከብታቸውን የሚያውቅ ጎረቤት ይጠራሉ። መልሳቸው እውነት ነው። ነገር ግን ይኸው ጥያቄ ነገ ለልጅ ልጃቸው በባንክ መስኮት፣ በፓስፖርት ቢሮ ወይም በድንበር ኬላ ሲቀርብ ጎረቤት ጠርቶ ማለፍ አይቻልም። የሚጠየቀው ወረቀት ነው። ለዚህም ነው ስለ ዜግነት ማስረጃ ዛሬ ጥቂት ለመማማር የፈለግነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ዜግነትን የሚሰጠው ወረቀቱ አለመሆኑ ነው። በ1987 ዓ.ም የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 6 እንደሚደነግገው ወላጆቹ ወይም ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ኢትዮጵያዊ ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በ1922 ዓ.ም የወጣው የመጀመሪያው የዜግነት ሕግም ከኢትዮጵያዊ አባት ወይም እናት የተወለደ ሰው ኢትዮጵያዊ እንደሆነ ደንግጎ ነበር። አሁን የሚሠራበት በ1996 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ሲሆን፣ ይኸው አዋጅ በኢትዮጵያ ውስጥ ተጥሎ የተገኘ ሕፃን እንኳ የውጭ ዜጋ መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ ኢትዮጵያዊ ተደርጎ እንደሚቆጠር ይገልጻል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 33 ደግሞ ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን ሊገፈፍ አይችልም፤ ከውጭ ዜጋ ጋር የሚፈጸም ጋብቻም ዜግነትን አያስቀርም።

እንግዲህ በዳሰነች ከብት የሚጠብቀው ልጅ አዲስ አበባ ላይ ከተወለደው እኩል ኢትዮጵያዊ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የመብት ሳይሆን የማስረጃ ነው። ማስረጃ የሌለው መብት ግን በችግር ቀን ባለቤቱን አያድንም።

መዝገቡ ለምን ዘገየ?

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በክብር መዝገብ እንዲጻፉ ዝርዝር ድንጋጌዎች ነበሩት። ሆኖም እነዚህ ድንጋጌዎች ሌላ ትእዛዝ እስኪወጣ በሥራ ላይ እንዳይውሉ ተደርገው ስለነበር ለአሥርታት ዓመታት በወረቀት ላይ ቀሩ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም ነው፤ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ደግሞ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም ነው። በዚያው ዓመት የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ያለ ልደት መዝገብ አድጓል ማለት ነው። ስለሆነም የደቡብ ኦሞ ሰው ወረቀት ባይኖረው የሚያሳፍር ነገር የለበትም፤ የሚያስቆጨው መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ሳይጠቀሙበት መቅረት ነው።

የትኛው ወረቀት ምን ይመሰክራል?

ብዙ ሰው መታወቂያን ሁሉ የዜግነት ማስረጃ አድርጎ ያያል። ይህ ስሕተት ነው፤ እያንዳንዱ ወረቀት የየራሱ ቃል አለውና።

የልደት ምስክር ወረቀት ማን፣ መቼ፣ የት፣ ከማን እንደተወለደ ይናገራል። ዜግነት የሚመጣው ከወላጅ ስለሆነ በዚህ ወረቀት ላይ ትልቁ ነገር የእናትና የአባት ስምና ዜግነት የሚጻፍበት ቦታ ነው። አዋጁ በ2009 ዓ.ም ከተሻሻለ ወዲህ በአገራችን የሚኖሩ ስደተኞች ልጆችም ይመዘገባሉ። ስለዚህ በኢትዮጵያ መወለድ ብቻውን ኢትዮጵያዊ አያሰኝም፤ የወላጆቹ ዜግነት በትክክል መጻፉን ማየት ያስፈልጋል።

የቀበሌ መታወቂያ የሚመሰክረው ነዋሪነትን ነው። ለብዙ ጉዳይ በር ከፋች ቢሆንም ብቻውን የዜግነት የመጨረሻ ማስረጃ አይደለም።

ፋይዳ የሚባለው ዲጂታል መታወቂያ በ2015 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 የተደነገገ ሲሆን ባለ 12 አኃዝ ቁጥር አለው። የጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል ይወሰዳል፤ ምዝገባውም ያለ ክፍያ ነው። ይህ ቁጥር ሰውዬው ያ ሰው ራሱ መሆኑን ያረጋግጣል እንጂ ዜግነቱን አይናገርም፤ በአገሪቱ በሕጋዊነት የሚኖር የውጭ ዜጋም ሊያወጣው ይችላልና። «ፋይዳ አለኝ፣ ሌላ ምን ያስፈልገኛል?» ማለት እንግዲህ አያዋጣም።

ፓስፖርት በኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት የሚሰጥ፣ በውጭ አገር የዜግነት ዋና ማስረጃ ሆኖ የሚታይ ሰነድ ነው። ለሐጅም ሆነ ለሥራ፣ ለሕክምናም ሆነ ለትምህርት ከአገር የሚወጣ ሁሉ ይህን ይይዛል። ይሁንና ፓስፖርት የሚቆመው በታችኞቹ ወረቀቶች ላይ ነው። የልደት መዝገቡ ከተበላሸ ፓስፖርቱም ይበላሻል።

ከየት ይጀመራል?

1ኛ/ ሕፃን ሲወለድ በ90 ቀን ውስጥ በወላጆቹ መኖሪያ ቀበሌ ለሚገኘው የክብር መዝገብ ሹም ይመዝገብ። በጤና ተቋም የተወለደ ከሆነ ተቋሙ የሚሰጠውን የልደት ማሳወቂያ መቀበል አይረሳ። በቤት የተወለደ ከሆነ የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ማሳወቅና ሁኔታውን የሚያውቁ ሰዎችን ይዞ መቅረብ ይጠቅማል። ወላጆች ከሌሉ አሳዳሪው ወይም ሕፃኑን የሚንከባከበው ሰው ያስመዘግባል።

2ኛ/ ጊዜው ያለፈበት ተስፋ አይቁረጥ። ከ90 ቀን በኋላም ሆነ ከዓመት በኋላ፣ እንዲሁም ከሐምሌ 2008 ዓ.ም በፊት የተወለደም ሰው ማስረጃ አቅርቦ ሊመዘገብ ይችላል። እዚህ ላይ ነው የምስክር ነገር የሚመጣው። አዋላጇ፣ አጎትየው፣ ልደቱን የሚያስታውሰው ሽማግሌ ዛሬ በሕይወት አሉ። ነገ ሲያልፉ የሚያውቁትን ይዘው ይሄዳሉ።

3ኛ/ ስም ይጠበቅ። በአካባቢያችን አንድ ልጅ በመንደር አንድ ስም፣ በትምህርት ቤት ሌላ ስም፣ ሃይማኖት ሲቀበል ሦስተኛ ስም ሊኖረው ይችላል። በሙስሊሙም ቤት መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ ማሕሙድ እየተቀያየረ በሦስት ወረቀት ሦስት ሰው የሚመስል አለ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስምና የልደት ቀን ከመጀመሪያው መዝገብ ጀምሮ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ይሁኑ። ጸሐፊው የጻፈውን ሳያነቡ ወይም ሳያስነብቡ ከመስኮቱ መራቅ አይገባም።

4ኛ/ ጋብቻም ይመዝገብ። በኒካህም ሆነ በባህል የተፈጸመ ጋብቻ ሕጉ ያውቀዋል፤ ነገር ግን በ30 ቀን ውስጥ በክብር መዝገብ መጻፍ አለበት። የጋብቻው መዝገብ የልጆቹን አባት ለማስረዳት፣ በሞትም ጊዜ ለውርስ ይጠቅማል።

5ኛ/ ይህ ሁሉ ሲሟላ ነው ለፓስፖርት መነሳት። ቀበሌ ላይ ሊታረም የሚችል አንድ ፊደል ሳይታረም ቀርቶ ከቱርሚ ወይም ከኦሞራቴ ተነስቶ ረጅሙን መንገድ ሁለት ጊዜ መመላለስ የብዙ ፍየል ዋጋ ነው።

በድንበር ያለው ጥንቃቄ

ዳሰነች ከኬንያ፣ ኛንጋቶም ከኬንያና ከደቡብ ሱዳን ጋር ይዋሰናሉ። በድንበሩ ማዶ ቋንቋቸው የሚገጥም፣ የሚጋቡና የሚዛመዱ ሕዝቦች አሉ። ለግጦሽ መሻገር የኖረ ልማድ ነው። ወረቀት ግን ድንበር ያውቃል። የኢትዮጵያ ሕግ ሁለት ዜግነት አይፈቅድም፤ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያን እንደተወ ይቆጠራል። አንዱ ወላጁ የውጭ ዜጋ በመሆኑ ወይም በውጭ በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅ፣ አካለ መጠን ካደረሰ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ካላሳወቀ ዜግነቱን ሊያጣ ይችላል። ኢትዮጵያዊ ያገባ የውጭ ዜጋ ዜግነት ለማግኘት ሲጠይቅ ደግሞ ጋብቻው ቢያንስ ሁለት ዓመት የሞላው፣ እርሱም ከማመልከቻው በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት በኢትዮጵያ የኖረ መሆን አለበት።

ወረቀት ቀላል ነገር እንዳልሆነ የቅርብ ታሪክ ያስተምረናል። በ1985 ዓ.ም በኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ለመሳተፍ የተመዘገቡ ብዙ የአገራችን ነዋሪዎች፣ በ1990 ዓ.ም ጦርነቱ ሲነሳ ያው ምዝገባ የሌላ አገር ዜጋ ለመሆናቸው ማስረጃ ሆኖ ቀረበባቸው። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከኖሩበት ተባረሩ። በ1997 ዓ.ም የኢትዮጵያና ኤርትራ የይገባኛል ጥያቄ ኮሚሽን ከእነርሱ በከፊሉ ላይ የተፈጸመው ዜግነት መንፈግ ከሕግ ውጭ እንደነበር ወስኗል፤ ውሳኔው ግን የመጣው ቤት ከፈረሰ በኋላ ነው። በጎረቤታችን በኬንያም የኑቢያ ተወላጆች የሆኑ ሙስሊሞች ለትውልዶች ከኖሩበት አገር መታወቂያ ለማግኘት የተለየ ማጣራት ይደረግባቸው ነበር። የአፍሪካ የሕፃናት መብት ኤክስፐርቶች ኮሚቴ በ2003 ዓ.ም የኑቢያ ሕፃናት መብት መጣሱን ወስኗል።

ከሁለቱም የምንማረው አንድ ነው። ያልተረዱትን ምዝገባ ለጊዜያዊ ጥቅም ብሎ መፈረም አደገኛ ነው፤ የሚገባን ማስረጃ በሰላሙ ጊዜ ሳይይዙ መቅረትም እንዲሁ። ባለሥልጣናትም ቢሆኑ ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። ከብቱን ተከትሎ የሚንቀሳቀስ ሰው ቢሮ ድረስ እስኪመጣ ከመጠበቅ፣ መዝገቡ በገበያ ቀን ወደ ገበያው፣ በክትባት ቀን ወደ መንደሩ ቢሄድ ሥራው ይቀላል። ቋንቋውን የሚያውቅ አስተርጓሚም ቢኖር ስምና ዕድሜ በግምት አይጻፍም።

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ማንበብ የሚችል ላልቻለው ያንብብለት፤ የከተማው ሰው ከገጠር የመጣ ዘመዱን ይዞ ቀበሌ ድረስ ይሂድ። በጂንካ ገበያ የጠየቅናቸው አዛውንት ለራሳቸው ወረቀት ባያስፈልጋቸው እንኳ የልጅ ልጃቸው ምስክር እርሳቸው ናቸውና፣ ቃላቸው በመዝገብ የሚሰፍረው እርሳቸው ሳሉ ነው።