ሞሊ ወይስ ጄኒ? የሜታሊካ «ጋራዥ ኢንክ.» በሥነ ቃል ዓይን

«የሰው ዘፈን መዝፈን ምን ድካም አለው?» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምሟገተው ከእነሱ ጋር ነው። ማስረጃዬ ሜታሊካ የተባለው የአሜሪካ ሄቪ ሜታል ባንድ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው «ጋራዥ ኢንክ.» አልበም ነው። ሁለት ሲዲ፣ 27 ዘፈን፤ ሁሉም የሌሎች። ሁለተኛው ሲዲ ቀደም ሲል የተቀረጹትን የሰበሰበ ስለሆነ አልገባበትም።

ከአንደኛው «ዊስኪ ኢን ዘ ጃር»ን እንውሰድ። ደራሲው የማይታወቅ የአየርላንድ የሕዝብ ዘፈን ነው። ሽፍታው አንድ ሻምበል ይዘርፍና ገንዘቡን ለወዳጁ ይወስዳል፤ እሷ ደግሞ ትከዳዋለች። ሥነ ቃል በየከዋኙ አፍ እንደሚለዋወጥ በክፍል ተምረናል፤ እዚህም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ደብሊነርሶች በ1960ዎቹ ሲዘፍኑት ሴትዮዋ ጄኒ ነበረች። ቲን ሊዚ የተባለው የደብሊን ሮክ ባንድ በ1972 ሲያወጣው ሞሊ ሆነች፤ የታወቀው የጊታር ዜማም ታከለበት። ሜታሊካዎችም ሞሊ ነው የሚሉት፣ ጊታሩንም ይዘዋል። እንግዲህ የተቀበሉት ከማን እንደሆነ ያቺ አንዲት ስም ታሳብቃለች።

ድካሙስ? አከዋወኑ ላይ ነው። የቲን ሊዚው ፊል ላይኖት ታሪኩን ለዘብ አድርጎ፣ በትካዜ ይተርከዋል። ጄምስ ሄትፊልድ ግን ይጮኸዋል፤ ሽፍታው የተከዳ ሳይሆን የሚፎክር ይመስላል። ቃሉ ከሞላ ጎደል ያው፣ ሰውየው ሌላ! በ2000 ግራሚ ያሸለማቸውም ይኸው ዘፈን ነው።

«ተርን ዘ ፔጅ» ላይ ግን ጓደኞቼ እውነት አላቸው። የቦብ ሲገርን ሳክስፎን በጊታር ከመተካትና ድምፁን ከማክበድ በቀር ብዙም አልጨመሩበትም።