ያለ ጠበቃ መከራከር ይቻላል?

ጥያቄ፦ ለጎረቤቴ 60,000 ብር አበድሬው ከለከለኝ። ጠበቃ ለማቆም አቅም የለኝም። ራሴ ልከራከር?

መልስ፦ ይችላሉ። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ባለጉዳይ ራሱ ቀርቦ እንዲከራከር ይፈቅዳል። እኔን የሚያሳስበኝ ማስረጃዎ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ውስጥ በተሰጠ እምነት ወይም መሐላ ብቻ ነው። ስንቱ እውነተኛ አበዳሪ ምስክር ደርድሮ ባዶ እጁን ተመልሷል! የተፈራረማችሁበት ወረቀት ካለ ቅጂውን ከነማስረጃ ዝርዝሩ ከክስ ማመልከቻው ጋር ያያይዙ፤ በኋላ አመጣዋለሁ አይበሉ። የዳኝነት ገንዘብ ካቃተዎት በደሃ ደንብ ለመክሰስ እንዲፈቀድልዎ ያመልክቱ። ከቀጠሮ ግን አደራ አይቅሩ፤ እርስዎ በሌሉበት ተከሳሹ ቀርቦ ዕዳውን ካላመነ ክሱ ይዘጋል።