ታኦይዝምን ለማወቅ ለተነሣህ ልጄ

ልጄ፣ ከየት ልጀምር ብለህ ጠይቀኸኛል። የሚነበበው ብዙ ነውና እንዳትባዝን ይህን ያዝ።

1. ታኦ ቴ ቺንግን አስቀድም። 81 አጫጭር ምዕራፎች፣ 5 ሺሕ ገደማ የቻይና ፊደላት ብቻ ስለሆነ በአንድ ከሰዓት ትጨርሰዋለህ፤ እኔ ግን በቀን ከአንድ ምዕራፍ አትለፍ እልሃለሁ። ያልገባህን ምልክት አድርገህ ተወው፣ ዞረህ ትመጣበታለህ። በእንግሊዝኛ የምታነብ ከሆነ የዲ. ሲ. ላውን ትርጉም ምረጥ። ስቲቨን ሚቼል እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተመው ለጆሮ ይጥማል፤ ሆኖም ሰውየው ቻይንኛ ሳያነብ ከሌሎች ትርጉሞች ተነሥቶ የሠራው ስለሆነ መነሻህ አይሁን።

2. መጽሐፉን ጻፈ የሚባለው ላኦዚ ማን ነበር በሚለው ክርክር አትድከም። ትውፊቱ፣ ላኦዚ ወደ ምዕራብ ሲሰደድ ኬላ ጠባቂው ለምኖት መጽሐፉን ጽፎለት ሄደ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1993 ጉዎዲያን በተባለ ቦታ ከመቃብር የወጡት የቀርከሃ ጽሑፎች የተጻፉት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ ነው። ከመጽሐፉ ከፊሉን ብቻ፣ ያውም በሌላ ቅደም ተከተል ይዘዋል። መጽሐፉ ቀስ በቀስ የተሰበሰበ፣ ብዙ እጅ ያረፈበት ይመስለኛል።

3. ቀጥሎ ዧንግዚ የተባለውን ሌላውን የታኦይስቶች መጽሐፍ ክፈት። የእኔ ልብ ያለው እዚህ ነው። ከ33ቱ ምዕራፎች የመጀመሪያዎቹ 7 ይበቁሃል። በሦስተኛው ላይ በአንድ መስፍን ፊት በሬ የሚበልት ዲንግ የሚባል ወጥ ቤት አለ። ተራው ወጥ ቤት አጥንት እየመታ ቢላዋውን በየወሩ ይለውጣል፣ ደህናው በየዓመቱ። የዲንግ ቢላዋ ግን 19 ዓመት ሙሉ በሺዎች የሚቆጠሩ በሬዎች ተበልተውበት ስለቱ አልዶለዶመም፤ የሚያስገባው በመገጣጠሚያው ክፍተት ነዋ። ታኦይስቶች ዉ ዌይ የሚሉት ይህን ነው። አለማድረግ ነው ብለው ለስንፍና መሸፈኛ የሚያደርጉትን አትስማቸው። ዲንግ አስቸጋሪ ቦታ ሲደርስ ዐይኑን ተክሎ፣ እጁን አዝግሞ ይሠራል፤ ይህም የዓመታት ልፋት ፍሬ ነው። አንተም በየቀኑ የሚያደክምህን ሥራ አስበው፤ ጉልበት ስለሚጠይቅ ነው የሚያደክምህ ወይስ መገጣጠሚያውን ስላላየህ?

4. ታኦይዝምን መጽሐፍ ብቻ አድርገህ አትየው። ጃንግ ዳኦሊንግ እ.ኤ.አ. በ142 በሲቹዋን የሰማያዊ መምህራንን መንገድ ከመሠረተ ወዲህ ካህናት፣ ጸሎት፣ ዕጣንና የሙታን መታሰቢያ ያለው ሃይማኖት ነው። ከቅርንጫፎቹ የጄንግዪ ካህናት አግብተው ይኖራሉ፤ የቿንጀን መነኮሳት ግን ሳያገቡ። ፍልስፍናው ጥሩ ነው፣ ሃይማኖቱ አጉል እምነት ነው የሚል የቆየ የምዕራባውያን ጽሑፍ ያጋጥምሃል። በሕይወት ያሉ አማኞችን እንዲህ ማቃለል ነውር ነው።

5. ረጅም ዕድሜ በጠርሙስ የሚሸጥልህን ሽሸው። በቻይና በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ነገሥታት ሳይቀሩ ሜርኩሪ ያለበት የሕይወት መድኃኒት ጠጥተው ሞተዋል። ሰውነትህን ማለማመድ ካሻህ ግን ታይ ቺ የተባለውን የሰውነት እንቅስቃሴ ከደህና መምህር ተማር፣ አተነፋፈሱንም ከእሱው።