ፍትሕን ትወዳላችሁ? እንግዲያው ተማሩት!

የእኛ ሰው ፍትሕ ወዳድ ነው። «በሕግ አምላክ!» ሲባል የተነሣ ዱላ አየር ላይ እንዲቀር አድርጎ ያሳደገን፣ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» እያለ የሚያዝን ሕዝብ ነው። ዛሬ የምጽፈው ይህን ፍቅር ይዛችሁ አሜሪካ ለገባችሁና እንጀራችሁ ከፍትሕ ሥርዓቱ ጋር ለተቆራኘ ወገኖቼ ነው። በማረሚያ ቤት ፈረቃ ለምትገቡ፣ ሌሊት ሕንፃ ለምትጠብቁ፣ በፍርድ ቤት ለምታስተረጉሙ፣ የፖሊስ ደንብ ልብስ ለለበሳችሁ፣ ከወጣት ጥፋተኞች ጋር ለምትውሉ።

ብዙዎቻችሁ የመጀመሪያ ዲግሪ አላችሁ። ከዚሁ ያገኛችሁት አላችሁ፣ ከሀገር ቤት ይዛችሁት የመጣችሁም አላችሁ። «በወንጀል ፍትሕ ማስተርስ ብማርስ?» የሚል ሐሳብም ውል ብሎባችሁ ያውቃል። ከዚያ «በዚህ ዕድሜ? በዚህ ሥራ ላይ? በዚህ እንግሊዝኛ?» ይመጣና ሐሳቡ ተመልሶ ይተኛል። እኔ ደግሞ ልቀሰቅሰው ነው የመጣሁት። ይህ ትምህርት ከመነሻውም የተዘጋጀው እንደ እናንተ ሥራ ላይ ላለ ሰው ነው!

ፖስተኛው ፕሮፌሰር ሆነ

እ.ኤ.አ. በ1905 በካሊፎርኒያ የበርክሊ ከተማ ነዋሪዎች ፖስታ ሲያድል የሚያውቁትን አንድ ወጣት የከተማቸው ጸጥታ አስከባሪ አድርገው መረጡት። ስሙ ኦገስት ቮልመር ነው። ይህ ነው የሚባል መደበኛ ትምህርት አልነበረውም፤ የመማር ጥማት ግን ነበረው። በ1908 ለፖሊሶቹ ትምህርት ቤት ከፈተ። ፖሊስ ከጉልበቱ በፊት አእምሮውን ይዞ ሥራ ይግባ እያለ ተሟገተ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችንም በፖሊስነት ቀጠረ። ያ ፖስተኛ ውሎ አድሮ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲና በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰርነት አስተማረ። ዛሬ በመላው አሜሪካ የሚሰጠውን የወንጀል ፍትሕ ትምህርት ከጀመሩት ሰዎች ግንባር ቀደሙ እሱ ነው።

ከእሱ በኋላ የመጣውም ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። በ1964 ኒውዮርክ ውስጥ ዛሬ ጆን ጄይ ኮሌጅ የሚባለው ተቋም ሲከፈት ዋነኛ ዓላማው ፖሊሶችን ማስተማር ነበር። በ1967 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ያቋቋሙት ኮሚሽን ፖሊሶች ወደፊት ሁሉም ባለዲግሪ እንዲሆኑ ሐሳብ አቀረበ። በተከታዩ ዓመት በወጣ ሕግም የፌዴራል መንግሥቱ ለፖሊሶችና ለማረሚያ ቤት ሠራተኞች የኮሌጅ ክፍያ ገንዘብ መደበ። ስለዚህ የደንብ ልብሳችሁን ሳታወልቁ ከፈረቃ በቀጥታ ክፍል ብትገቡ እንግዳ አይደላችሁም። ቤቱ የተሠራው ለእናንተ ነው።

ያያችሁትን መመዘን

ማስተርሱ ምን ይጨምርላችኋል? ለዓመታት በዓይናችሁ ያያችሁትን በማስረጃ መመዘን ያስተምራችኋል። መዝኖ የሚናገር ሰው ደግሞ ይደመጣል።

አንድ ምሳሌ ጠጋ ብለን እንይ። የፖሊስ መኪና በየሰፈሩ መዞሩ ወንጀልን ይቀንሳል ብለን ሁላችንም እናምናለን። በ1972 በሚዙሪ ግዛት የካንሳስ ሲቲ ፖሊስ ይህን እምነት ሊፈትን ተነሣ። 15 የቅኝት ቀጠናዎችን ወስዶ ለሦስት ከፈላቸው። በአምስቱ የተለመደው ቅኝት ቀጠለ። በአምስቱ ፖሊስ የሚገባው ሲጠራ ብቻ ሆነ። በቀሩት አምስት ቅኝቱ ሁለትና ሦስት እጥፍ ተጨመረ። ዓመት ሙሉ ተመዘገበ፣ ሕዝቡም ተጠየቀ። ውጤቱ ብዙዎችን አስደነገጠ፦ በወንጀሉም ሆነ በነዋሪው ስጋት ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም።

ይህን ጥናት ክፍል ውስጥ የሚያነብ ተማሪ መጀመሪያ «አይሆንም!» ይላል። ከዚያ መጠየቅ ይጀምራል። ምን ተለካ? ቀጠናዎቹ እንዴት ተመረጡ? እንግዲያው የሚሠራው ምንድን ነው? መልስ ፍለጋ ሲቀጥል በ1989 የታተመ የሚኒያፖሊስ ጥናት ያገኛል። በዚያች ከተማ ለፖሊስ ከሚደወለው ጥሪ ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከአድራሻዎቹ 3 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑን ያነባል። እዚህ ላይ ሌሊት ሕንፃ የሚጠብቀው ወንድማችን ፈገግ ይላል። ችግር ሁልጊዜ ከዚያው ከኋላ በር፣ ከዚያው ከመኪና ማቆሚያው ጥግ እንደሚመጣ እሱ ድሮም ያውቃል። አሁን ግን ያንን እውቀት በቁጥር አስደግፎ አለቃው ፊት ማቅረብ ይችላል!

ሌላም አለ። ከ1939 እስከ 1945 በማሳቹሴትስ ግዛት በካምብሪጅና በሰመርቪል 506 ልጆች የተካተቱበት ትልቅ ሙከራ ተካሄደ። ግማሾቹ አማካሪ ተመደበላቸው፣ በትምህርት ታገዙ፣ ሕክምና አገኙ፣ ለክረምት ካምፕ ተላኩ። ግማሾቹ እንዲሁ ተተዉ። ከ30 ዓመት በኋላ ጆአን መኮርድ የተባለች ተመራማሪ ልጆቹ የት እንደደረሱ ስትከታተል፣ በብዙ መለኪያ የተረዱት ካልተረዱት የባሰ ሆነው ተገኙ። በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በማኅበር ወጣቶችን ለመርዳት ላይ ታች የምትሉ ሁሉ ይህን ልብ በሉት። ደግ ልብ ትልቅ ጸጋ ነው፤ መርምሮ የሚሠራ ደግ ልብ ግን ልጅ ያድናል። ማስተርሱ የሚሰጣችሁ ይህንን የመመርመር ድፍረት ነው።

እናንተ ባዶ እጃችሁን አትገቡም

ክፍሉ ውስጥ ከኮሌጅ በቀጥታ የመጡ የ23 ዓመት ወጣቶች ታገኛላችሁ። መጽሐፉን ከእናንተ ፈጥነው ያነቡ ይሆናል። ነገር ግን ስለ እስር ቤት ሲነሣ፣ በር ሲቆለፍ የሚሰማውን ድምፅ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ስለ ተከሳሽ መብት ሲነሣ፣ ዳኛው የተናገሩትን ሰምቶ ግራ የገባትን እናት ፊት ያያችሁት እናንተ ናችሁ። ሁለት ቋንቋ፣ ሁለት ባህልና ሁለት የሕግ ሥርዓት ታውቃላችሁ። ሽማግሌ ተቀምጦ ደም ሲያደርቅ፣ ተበዳይና በዳይ ሲታረቁ አይታችኋል። የዛሬ ምሁራን በእርቅ ላይ ስለተመሠረተ ፍትሕ ሲወያዩ እናንተ ከሰማችሁት ሳይሆን ከኖራችሁት ትናገራላችሁ። ይህ ሀብት ነው፤ አታሳንሱት!

ከዚህ ሳምንት ጀምሮ

መንገዱ ሲዘረዘር አያስፈራም። አብዛኛው ፕሮግራም ከ30 እስከ 36 ክሬዲት ነው። 36ቱን ብንወስድ 12 ኮርስ ማለት ነው። በአንድ ሴሚስተር ሁለት ኮርስ ብትወስዱ በሦስት ዓመት ትጨርሳላችሁ። ሦስቱ ዓመት ብትማሩም ባትማሩም ያልፋል፤ ተምራችሁበት ይለፍ!

አንደኛ፣ ትራንስክሪፕታችሁን አሰናዱ። የሀገር ቤት ዲግሪ ከሆነ ደብሊው ኢ ኤስን በመሰለ የውጭ ትምህርት ማስረጃ ገምጋሚ ድርጅት መታየት ይኖርበታል። ጊዜ የሚፈጀው ይህ ስለሆነ በእሱ ጀምሩ።

ሁለተኛ፣ የትምህርት ቤቱን እውቅና አረጋግጡ። የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር እውቅና ያላቸውን ተቋማት ዝርዝር ለሁሉም ክፍት አድርጓል። እዚያ የሌለ ትምህርት ቤት ምንም ያህል ቢያባብላችሁ ገንዘባችሁን አትስጡት።

ሦስተኛ፣ ስለ ገንዘቡ ጠይቁ። ብዙ የፖሊስ መምሪያዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኛ የትምህርት ክፍያ ድጋፍ አላቸው፤ የሰው ኃይል ክፍሉን አነጋግሩ። በምትኖሩበት ግዛት ያለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለነዋሪው ቅናሽ ያደርጋል። የፌዴራል የተማሪ ብድር ወስዶ በመንግሥት ወይም ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት የሚሠራ ሰው ደግሞ መስፈርቱን አሟልቶ 120 ወርኃዊ ክፍያ ከፈጸመ ቀሪው ዕዳ የሚሰረዝበት ሕግ ከ2007 ጀምሮ አለ።

አራተኛ፣ ስታቲስቲክስንና የጽሑፍ እንግሊዝኛን አትፍሩ። ሁለቱም የሚለመዱ ናቸው። አብዛኛው ዩኒቨርሲቲ ጽሑፋችሁን አብሯችሁ የሚያይ የነፃ የጽሑፍ ማዕከል አለው፤ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ሂዱ።

አምስተኛ፣ ቤተሰባችሁን አሰልፉ። ማክሰኞ ማታ እናት ወይም አባት እንደሚያጠኑ ልጆች ይወቁ። እነሱም ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራቸውን ይዘርጉ።

በሩ የሚከፈተው ወዴት ነው?

ይህ ዲግሪ ጠበቃ አያደርግም፤ ለዚያ የሕግ ትምህርት ቤት አለ። ግን ለፕሮቤሽን ኃላፊነት፣ ለወንጀል መረጃ ተንታኝነት፣ የወንጀል ተጎጂዎችን ለመደገፍ፣ ከእስር የሚወጡ ሰዎችን የሚያቋቁም ፕሮግራም ለመምራት፣ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለማስተማርም ያዘጋጃል። ለዜጎች ክፍት በሆኑ ብዙ የፌዴራል ሥራዎች ማስተርስ ያለው ሰው በጂ ኤስ 9 የደመወዝ ደረጃ መወዳደር ይችላል። ከሁሉም በላይ ወገን ይጠቀማል። በዋሽንግተን ዲሲ በ2004 የወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛ ተናጋሪው በመንግሥት መሥሪያ ቤት በቋንቋው እንዲገለገል መብት ሰጥቶታል። ይህን መብት በሥራ ላይ የሚያውል፣ ሥርዓቱን ከውስጥ የሚያውቅና ፖሊሲ በሚወጣበት ጠረጴዛ የሚቀመጥ የተማረ ወገን ያስፈልገናል። ያ ሰው ከሰማይ አይወርድም፤ ከመካከላችን ይወጣል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር ብቻ አድርጉ። የትራንስክሪፕት ጥያቄያችሁን ላኩ፣ በአቅራቢያችሁ ካለ ፕሮግራም ለአንዱ አማካሪ ደውላችሁ ለቀጣዩ ሴሚስተር ማመልከቻ የሚዘጋበትን ቀን ጠይቁ። ቀኑን ስትሰሙ ለሥራ ባልደረባችሁም ንገሩትና አብራችሁ አመልክቱ። እናንተ ትችላላችሁ!