ጣሳ የተደፋባቸው ቤቶች፦ የጎባና የሮቤ የድሮ መጠጥ ቤቶች ሲታወሱ

በር ላይ ረዘም ያለ እንጨት ተተክሎ ጫፉ ላይ ጣሳ ከተደፋበት፣ እዚያ ቤት ጠላ ደርሷል ማለት ነው። ታፔላ የለም፣ የንግድ ስም የለም። ቤቱ የሚጠራው በባለቤቷ ወይም በልጇ ስም ነው፤ «የእገሌ እናት ቤት» ከተባለ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በማኅበራዊ ሠራተኛነት በጎባና በሮቤ ቀበሌዎች ስዘዋወር ከአረጋውያን ጋር ወሬ በጀመርኩ ቁጥር ጨዋታው ዞሮ ዞሮ እነዚህ ቤቶች ላይ ያርፋል። ወንዶቹ ፈገግ ብለው «አይ ጊዜ!» ይላሉ። ሴቶቹ ግን ስለ ተመሳሳይ ቤቶች ሲያወሩ እንዲህ ፈገግ ሲሉ ብዙም አላየሁም። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የገፋፋኝ ይኸው ልዩነት ነው። ነገሩ ከኤች አይ ቪ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ቀስ እያልን እናየዋለን።

ጎባ በወታደር ሰፈርነት ያደገች ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ራስ ዳርጌ ባሌን ከያዙ በኋላ ጦርና ሹም ሰፈረባት፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ባሌ ከሐረርጌ ተለይታ ራሷን የቻለች ጠቅላይ ግዛት ስትሆንም ዋና ከተማዋ ጎባ ሆነች። ወታደር፣ ጸሐፊ፣ መምህርና ሹፌር በበዛበት ከተማ ቤተሰቡን ትቶ ብቻውን የሚኖር ወንድ ይበዛል። እንዲህ ዓይነት ወንድ ባለበት ደግሞ ምግብና መጠጥ የምትሸጥለት ሴት አትጠፋም። 14 ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብላ ሜዳው ላይ ያለችው ሮቤ ሌላ ታሪክ አላት። በደርግ ዘመን በሲናናና በአካባቢው የመንግሥት የስንዴ እርሻዎች ሲስፋፉ የትራክተርና የኮምባይን ኦፕሬተሩ፣ መካኒኩ፣ ጆንያ ተሸካሚውና የቀን ሠራተኛው ወደዚያ ጎረፈ። በባሌ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በገና እና በቦና፣ ይመረታል። ገንዘብም ወደ ከተማው የሚገባው በዚሁ ልክ እየመጣ እየሄደ ነው።

ለመጠጡ የሚሆን ነገር ሞልቷል። ገብሱ ከደጋው፣ ማሩ ከሐረና ጫካና ከደሎ መና ወገን የሳነቴን አምባ አቋርጦ ይመጣል። ጠላውን በኦሮምኛ ፈርሶ፣ ጠጁን ዳዲ ይሉታል። አብዛኛው የባሌ ሕዝብ ሙስሊም ስለሆነ መቼም እነዚህ ቤቶች የሁሉም ሰው ቤት አልነበሩም። ለገቡባቸው ግን ከመጠጥ ቤትነት ያለፉ ነበሩ።

ቤቱ በግድግዳው ዙሪያ የጭቃ መደብ አለው፤ ጋኑ ጥግ ላይ፣ ቆሎው በሰፌድ። ጠላ ከ2 እስከ 4 በመቶ ገደማ የአልኮል መጠን ያለው መጠጥ ነውና ራስ ላይ ከመውጣቱ በፊት ሆድ ይሞላል። ስለዚህ ሰው ቁጭ ብሎ ያመሻል፣ ያወራል። ደብዳቤ ማንበብ የማይችል ያስነብባል፤ ጉልበት ሠራተኛ የፈለገ እዚያ መጥቶ ይቀጥራል፤ ዕቁብ ይጣላል፤ የሞተበት ካለ ወሬው መጀመሪያ የሚሰማው እዚያ ነው። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ሬይ ኦልደንበርግ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው መጽሐፉ ከመኖሪያ ቤትና ከሥራ ቦታ ውጪ ሰው በነፃነት የሚገናኝበትን ስፍራ «ሦስተኛ ቦታ» ብሎታል። ከእሱም በፊት በእንግሊዝ አገር፣ ቦልተን በምትባል የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞች ከተማ፣ ማስ ኦብዘርቬሽን የተባለ የጥናት ቡድን የሠራተኛውን መጠጥ ቤቶች እየዞረ መዝግቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1943 በወጣው መጽሐፋቸው ከመኖሪያ ቤትና ከሥራ ቦታ ቀጥሎ ብዙ ሰው ብዙ ሰዓት የሚያሳልፈው በመጠጥ ቤት ነው ብለዋል። የጎባ ሽማግሌዎች የሚናፍቁት ይህንኑ ሦስተኛ ቦታ ነው፤ ናፍቆታቸውም ውሸት አይደለም።

ችግሩ ለወንዱ ሦስተኛ ቦታ የሆነው ቤት ለኮማሪቷ ሦስቱንም ቦታ መሆኑ ነው። መኖሪያዋም፣ መሥሪያዋም፣ መዋያዋም እሱው ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ያለችው ጓዳ ልጆቿ የሚተኙባት ናት። ዶክተር ላቀች ድራሴ በአዲስ አበባ ሴተኛ አዳሪዎች ላይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1991 በመጽሐፍ ያሳተሙት ጥናት እንደሚያሳየው፣ ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ፣ ትዳራቸው የፈረሰ፣ ትምህርትም ሌላ ሥራም ያላገኙ ሴቶች ነበሩ። መሬት ለሌላትና ከባሏ ለተለየች ሴት አንድ ጋን፣ ጥቂት ብቅልና ጌሾ፣ አንድ የኪራይ ክፍል መነሻ ካፒታል ይሆናታል። መጠጥ የምትሸጥ ሁሉ ገላዋን ትሸጣለች ማለት ግን አይደለም። ይህን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ፤ በጠላ ልጆቿን አስተምራ ለወግ ማዕረግ ያበቃች እናት በየሰፈሩ አለች። ድንበሩ የሚፈርሰው ግን መቼ ነው?

በዚህ ጉዳይ አንዲት በዕድሜ የገፉ የቀድሞ ኮማሪ ያጫወቱኝን ከመማሪያ መጽሐፍ አላገኘሁትም። «ስሚ ልጄ» አሉኝ፣ «ሰውየው የጠጣበትን ነገ እከፍላለሁ ይላል። እኔ ግን የቤት ኪራዩን ነገ አልለውም። ደመወዝ የወጣ ሰሞን ጠላው ራሱ ይበቃኛል፣ ያን ጊዜ እምቢ ማለት እችላለሁ። ወሩ ሲጋመስ ግን ጠጪው ሁሉ በዱቤ ነው። ያኔ በእጁ ጥሬ ብር ይዞ የመጣ ሰው እምቢ አይባልም።» እንግዲህ አስቡት፤ የአንዲት ሴት «እምቢ» የማለት አቅም ከጠባይዋ ጋር ሳይሆን ከደመወዝ ቀንና ከመኸር ጋር ከፍና ዝቅ ይላል። «ኮንዶም ተጠቀም» ብላ መጠየቅም እንደዚያው ነው።

ኤች አይ ቪ ወደ እነዚህ ቤቶች የገባው ይህ ሁሉ ተደላድሎ ከኖረ በኋላ ነው። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነው። ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ በ23 ከተሞች በሴተኛ አዳሪዎች ላይ በተደረገ ምርመራ 17 በመቶዎቹ፣ በረጅም ርቀት የጭነት መኪና ሹፌሮች ላይ በተደረገው ደግሞ 13 በመቶዎቹ ቫይረሱ በደማቸው ተገኘ። ሕዝቡ ጋ የደረሰው ግን የመጀመሪያው ቁጥር ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። «ከመጠጥ ቤት ሴቶች ተጠንቀቁ» ተባለ፤ ቫይረሱን ከከተማ ከተማ እያዞረ ወደ ሚስቱም ይዞ የሚገባው ወንድ ብዙም አልተነሳም። በየመንደሩ ኮማሪቷ ስትታመም ጠጪው ሁሉ ሸሻት። የመንደሩ ሐዘን ቀድሞ የሚሰማበት ቤት የራሱ ሐዘን ሲደርስ ወሬ የሚጠይቅ አጣ። ነፃ የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና በአገሪቱ የተጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ስንቷ እንዳለፈች መገመት ነው።

አሁን ወደ መጠጡ ራሱ ልመለስ። በዚምባብዌ ዋና ከተማ ሐራሬ በቢራ አዳራሾች የሚያዘወትሩ ወንዶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት፣ በቅርብ ጊዜ በቫይረሱ መያዝና ሰክሮ ወሲብ መፈጸም በጥብቅ የተያያዙ መሆናቸውን አሳይቷል። አልኮል ቫይረስ አያመጣም። የሚያመጣው ኪስ ውስጥ ያለ ኮንዶም ኪስ ውስጥ እንዲቀር ነው። በዚህ ላይ መጠጡ ተለውጧል። ጠላን ሲጠጡ መምሸት የግድ ነው፤ አረቄ ግን ከ30 እስከ 45 በመቶ አካባቢ ስለሆነ በግማሽ ሰዓት ሥራውን ይጨርሳል። ዛሬ በሮቤ ወጣቱ የሚገናኘው በግሮሰሪና በድራፍት ቤት ነው፤ ቀን ጫት ሲቅም የዋለው ደግሞ ማታ «ጨብሲ» ብሎ ምርቃናውን በመጠጥ ይሰብራል። ማደሪያው ፔንሲዮን ነው፤ ቀጠሮው በስልክ ነው።

አንዳንድ ወጣቶች «ያ የድሮ ነገር ነው፣ ቤቶቹም ጠፍተዋል» ሲሉኝ እሰማለሁ። ቤቶቹ መጥፋታቸውስ እውነት ነው፤ የባሌም ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ስሟን ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው ቤቶች የወሰደችው ካዛንቺስ በትንንሽ መጠጥ ቤቶቿና በአዝማሪ ቤቶቿ የታወቀች ነበረች። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሰፊው ክፍሏ ሲፈርስ ብዙ ሰው ተላቀሰላት። ቤት ሲፈርስ ግን በውስጡ የነበረችው ሴት አብራ አትፈርስም፤ ወደ ሌላ ቦታ ትሄዳለች። በ2012 ዓ.ም. ገደማ በ16 የአገራችን ከተሞች የተሠራ ጥናት በሴተኛ አዳሪዎች ዘንድ ሥርጭቱን 18.7 በመቶ አግኝቶታል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር ደረጃ በአዋቂዎች ዘንድ የተገኘው 0.9 በመቶ ነበር።

ለእኔ ቢጤ ሠራተኛ የድሮው ቤት አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው፦ አድራሻ። ጣሳው እያለ ኮማሪቷን አግኝቶ ማነጋገር፣ ኮንዶሙን እሷ ዘንድ ማስቀመጥ፣ ስትታመም ጤና ጣቢያ ማድረስ ይቻላል። እሷም ማን ሰክሮ ወጣ፣ ማን ከማን ጋር ሄደ፣ ሁሉንም ታውቃለች። በስልክ የምትጠራዋን ወጣት ማን ያውቃታል? በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም በየከተማው የሚዞሩ አስተማሪዎችን የሚደግፉ ፕሮጀክቶች ተናጉ። ፍለጋው ከዚያ ወዲህ የበለጠ ከብዷል።

ለማንኛውም የዛሬ ወጣት የቀድሞዎቹ ያላገኙት ነገር በእጁ አለ። በግዳጅ ወይም በድንገት ለቫይረሱ የተጋለጠ ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል በዚያው ቀን፣ ጤና ተቋም ከደረሰ መከላከያ መድኃኒት ሊጀምር ይችላል። ከፍተኛ ስጋት ላለባቸው በቅድሚያ የሚወሰድ መድኃኒትም አለ። ሕክምናውን በአግባቡ የሚከታተልና የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ ሆኖ የዘለቀ ሰው በወሲብ ለሌላ አያስተላልፍም። ያጫወቱኝ እናት መድኃኒታቸውን ዘወትር ማታ ይወስዳሉ፤ የልጅ ልጆቻቸው ናቸው «ሰዓቱ ደረሰ» እያሉ የሚያስታውሷቸው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። የድራፍት ቤቱ በር ላይ ቆሞ መታወቂያ የሚጠይቅ ግን ገና አላጋጠመኝም።

ለፀረ ኤድስ ክበባት አንድ የቤት ሥራ ልስጥ። የከተማችሁን ካርታ በትልቅ ወረቀት ላይ ሳሉ። ግሮሰሪውን፣ ጫት ቤቱን፣ ፔንሲዮኑን፣ መናኸሪያውን አስቀምጡ። ከዚያ በእያንዳንዱ ቦታ አጠገብ ጻፉ፦ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ሳይሰክር የሚቀረው ማን ነው? ሂሳቡን የሚከፍለው ማን ነው? እምቢ ያለች ልጅ በምን ወደ ቤቷ ትሄዳለች? ኮንዶም የት ይገኛል፣ በዚያ ሰዓትስ ክፍት ነው? የጤና ጣቢያውን መንገድ በቀይ አስምሩበት። ካርታውን ስትጨርሱ ለአንድ የሰፈራችሁ አሮጊት አሳዩአቸውና ድሮ ጣሳው የትኛው በር ላይ እንደነበር ጠይቋቸው።