ጀርባዋ ላይ የተኛች ሸረሪት ሞታለች ማለት አይደለም

የዛሬው የሳይንስ ዓምዳችን ስለ ትልልቅ ሸረሪቶች አያያዝ ነው። «ሸረሪት ደግሞ ምን ይያዛል?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ክፍል ውስጥም ስናገር ብዙ ልጆች ስቀውብኛል። ግን እኔ አንዲት ትልቅ ሸረሪት ለ23 ቀን ይዤ ነበር። በመጨረሻም ባለማወቄ በሕይወት እያለች ጣልኳት። እናንተ እንዳትሳሳቱ ብዬ ነው የምጽፈው።

1. እንዴት አገኘኋት?

ኅዳር ወር ላይ የትምህርት ቤታችንን የአትክልት ቦታ ስንቆፍር አንዲት ቡናማ ፀጉራም ሸረሪት ከአፈሩ ወጣች። እግሮቿ ሲዘረጉ የእጄን መዳፍ ይሞላሉ። ሁሉም ጮኸ። አንዱ ልጅ ድንጋይ አነሳ። የሳይንስ መምህራችን «ተው!» ብለው አስቆሙትና በጣሳ ከደኗት። ከዚያ «ይቺ ከታራንቱላ ወገን ናት። ለአንድ ወር ይዞ የምታደርገውን እየጻፈ፣ በኋላ ወደ ጉድጓዷ የሚመልሳት ማነው?» ሲሉ እጄን አወጣሁ። «በእጅህ አትንካት፣ ያልገባህን ጠይቀኝ» አሉኝ። እሺ አልኩ እንጂ ምንም አልጠየቅኩም።

እናቴ «እሷ ቤት ከገባች እኔ እወጣለሁ» አለች። አያቴ ግን «ሸረሪት አይገደልም» አሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሰውር ዋሻ በተሸሸጉ ጊዜ ሸረሪት በዋሻው አፍ ላይ ድር አድርታ ከጠላት እንደጋረደቻቸው ሲነግሩን ነው ያደግነው። ስለዚህ ሸረሪቷ በረንዳ ላይ እንድትቀመጥ ተፈቀደልኝ።

2. ታራንቱላ ምንድን ናት?

ሸረሪት ከነፍሳት ወገን አይደለችም። ነፍሳት ስድስት እግር አላቸው፤ ሸረሪት ግን ስምንት ነው ያላት። ዘመዶቿ ጊንጥና መዥገር ናቸው። ታራንቱላ የሚለው ስም የመጣው ታራንቶ ከምትባል የጣሊያን ከተማ ነው። በአፍሪካ የሚገኙትን በእንግሊዝኛ «የዝንጀሮ ሸረሪት» ይሏቸዋል፤ የእግራቸው ጫፍ የዝንጀሮ ጣት ስለሚመስል ነው። ከሁሉም በጣም ትልቋ ጎልያድ የምትባለው የደቡብ አሜሪካዋ ናት። እግሮቿ ሲዘረጉ 28 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳሉ። ማስመሪያችሁን አውጡና እዩት!

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። ታራንቱላ ግን አደን የምትይዝበት የተንጠለጠለ ድር አትሠራም። ጉድጓዷ አፍ ላይ ተቀምጣ ታደባለች፤ ፌንጣ ሲያልፍ ዘልላ ትይዛለች። የምትኖረውም ብቻዋን ነው። ሁለቱን አንድ ዕቃ ውስጥ ብታስቀምጧቸው አንዷ ሌላዋን ልትበላት ትችላለች።

3. የሚገዙ ሰዎች ምን ይጠይቃሉ?

በባቲ ሰኞ ገበያ ግመል፣ በሬ፣ ፍየል፣ ዶሮ ይሸጣል። ሸረሪት የሚሸጥ ግን የለም። በአውሮፓና በአሜሪካ ግን ታራንቱላ በገንዘብ ገዝተው ቤታቸው የሚያኖሩ ሰዎች አሉ። አባቴ ፍየል ሲገዛ አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል፣ ዕድሜዋን ለማወቅ። ሸረሪት የሚገዛ ሰውም የሚጠይቀው አለው።

ሀ) ሴት ናት ወይስ ወንድ? ሴቷ ረጅም ዕድሜ ትኖራለች፤ አንዳንዶቹ ከ20 ዓመት በላይ። ወንዱ ግን ለአቅመ ወንድ ከደረሰ በኋላ ብዙም አይቆይም። የታራንቱላ የሩቅ ዘመድ የሆነች አንዲት የአውስትራሊያ ሸረሪት 43 ዓመት ኖራለች። ይህ ከአንዳንድ መምህራኖቻችን ዕድሜ ይበልጣል!

ለ) ቤት ውስጥ የተፈለፈለች ናት ወይስ ከዱር የተያዘች? ከዱር መያዝ ሲበዛ ዝርያው ያልቃል። ቀይ ጉልበት ያላት የሜክሲኮ ታራንቱላ ንግድ በዚህ ምክንያት በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ይደረግበታል።

ሐ) ጤነኛ ናት? ሆዷ የተጨማደደ፣ እግሮቿ ወደ ውስጥ የተጣጠፉ ከሆነ አይገዟትም።

4. ቤቷ እንዴት መሆን አለበት?

እኔ ከሱቅ ባዶ የከረሜላ ፕላስቲክ ዕቃ በ40 ብር ገዛሁ። ቁመቱ ረጅም ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነበር። ያ የመጀመሪያው ስህተቴ ነው።

• ቁመት፦ መሬት ላይ ለምትኖር ሸረሪት ረጅም ዕቃ አይሆንም። ሆዷ ስስ ስለሆነ ወጥታ ከወደቀች ሊፈነዳ ይችላል። ዕቃው ጎኑ ሰፊ ሆኖ አፈሩ መብዛት አለበት። ከአፈሩ እስከ ክዳኑ ያለው ርቀት ከእግሮቿ ስፋት ብዙ መብለጥ የለበትም።

• አፈር፦ እኔ ሁለት ጣት ብቻ አደረግኩ። መቆፈር ለምትወድ ሸረሪት ቢያንስ አንድ ስንዝር ያህል ደረቅ፣ ጠቅጠቅ ያለ አፈርና መደበቂያ ያስፈልጋታል።

• ክዳን፦ ግድግዳ ስለምትወጣ ክዳኑ ጠንካራ ይሁን። አየር የሚያስገቡ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይበሱለት።

• ሙቀት፦ ፀሐይ ላይ አይቀመጥም። የባቲ ፀሐይ በፕላስቲክ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ አስቡት!

• ውኃ፦ በጠርሙስ ክዳን ትንሽ ውኃ ይበቃታል።

• ምግብ፦ ፌንጣ ወይም በረሮ። ትልቅ ከሆነች በሳምንት አንዴ ይበቃል። መድኃኒት ከተረጨበት ቦታ የተያዘ ግን አይሰጣትም። የተረፈውም ይወጣል።

5. ያጠፋሁት ጥፋት

መጀመሪያ ሁለት ፌንጣ በላች። ከዚያ እንቢ አለች። እኔም «ታመመች» ብዬ በየቀኑ አዲስ ፌንጣ እጨምርባት ነበር። በ23ኛው ቀን ጠዋት ሳያት ጀርባዋ ላይ ተኝታለች፤ እግሮቿ ወደ ላይ። ዕቃውን ነካ ነካ ባደርገው አልተንቀሳቀሰችም። በቃ ሞታለች ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ወስጄ ከአጥራችን ጀርባ ቁልቋሉ ሥር ጣልኳትና ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ለመምህራችን ስነግራቸው ዝም አሉ። ቆይተው «እግሮቿ ተጣጥፈው ነበር ወይስ ተዘርግተው?» ብለው ጠየቁኝ። «ተዘርግተው» አልኩ። «ልጄ፣ ቆዳዋን እየለወጠች ነበር» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሸረሪት እንደ እኛ ውስጧ አጥንት የላትም። ጠንካራው የውጭ ሽፋኗ ነው አጥንቷ። ያ ሽፋን አብሯት አያድግም። ስለዚህ እባብ ቆዳውን እንደሚገፍ እሷም አሮጌውን አውልቃ በአዲስ ትወጣለች። ከዚያ በፊት መብላት ታቆማለች። ሰዓቱ ሲደርስ ጀርባዋ ላይ ትተኛለች። ብዙ ሰዓት ሊወስድባት ይችላል። በዚያ ጊዜ መንካትም ማንቀሳቀስም አይፈቀድም። አዲሱ ቆዳዋ ለስላሳ ስለሆነ ያኔ ውስጥ የተተወ ፌንጣ እንኳ ሊነክሳት ይችላል። እስክትጠነክር ድረስ አንድ ሁለት ሳምንት ምግብ አይሰጣትም።

የሞተችው እንዴት ትታወቃለች? ሸረሪት እግሯን የምታጥፈው በጡንቻ ነው፤ የምትዘረጋው ግን በሰውነቷ ፈሳሽ ግፊት ነው። ስሪንጅ ውኃ ሲገፋ አይታችኋል አይደል? እንደዚያ። ስትሞት ግፊቱ ስለሚጠፋ እግሮቿ ወደ ሆዷ ይጣጠፋሉ።

6 ሰዓት ላይ እየሮጥኩ ቤት ሄድኩ። ቁልቋሉ ሥር ዶሮዎቻችን እየጫሩ ነበር። ያገኘሁት ሁለት እግር ብቻ ነው። ለአያቴ ስነግራቸው «ካወቅክ በኋላ አትድገመው» አሉኝ እንጂ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

6. ማስጠንቀቂያና አደራ

ይህን አንብባችሁ ሸረሪት ፍለጋ እጃችሁን ጉድጓድ ውስጥ እንዳትከቱ! የአፍሪካ ታራንቱላ ንክሻ በጣም ያማል፤ ጉድጓድ ውስጥ ጊንጥና እባብም ይኖራሉ።

አደራዬ ደግሞ ይኸውና። በአትክልት ቦታችን ዳር ሌላ የሸረሪት ጉድጓድ አግኝተናል። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ዙሪያውን በድንጋይ ከበነዋል። እንጨት አትክተቱበት፣ ውኃም አታፍስሱበት። ማታ ማታ በረሮና ፌንጣ እየበላች ለአትክልታችን ትሠራለች። እኔም ያቋረጥኩትን ማስታወሻ ከሩቅ ሆኜ መጻፍ ጀምሬአለሁ።

ራሳችሁን ፈትሹ
1. ሸረሪት ከነፍሳት የምትለየው በምንድን ነው?
2. ረጅም ዕቃ ለታራንቱላ ለምን አይሆንም?
3. ቆዳዋን የምትለውጥና የሞተች ሸረሪት በምን ይለያሉ?

መልሱን በሚኒ ሚዲያ ሳጥን ውስጥ ክተቱ። በቀጣዩ እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ!

አዘጋጅ፦ የ7ኛ ክፍል ተማሪ፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ ባቲ