ከቃጠሎ በኋላ፦ የቤት ጉዳት ካሳና የአጥቢያው ምስክርነት



ከጥቂት ዓመታት በፊት በበጋ ወራት በማንኩሳ ከተማ የአንዲት ባል የሞተባቸው እናት ቤት ተቃጠለ። ቤቱ ፊቱ ሱቅ፣ ጓሮው መኖሪያ ሲሆን ለባንክ ብድር መያዣ ስለ ነበር የእሳት መድን ተገብቶለታል። ጎረቤቱ እንደ ወጉ ፈጥኖ ደረሰ። በሦስተኛው ቀን ፍርስራሹ ተጠረገ፤ የተረፈው ቆርቆሮ ተሸጠ፤ በሳምንቱም በጅጌ አዲስ ግድግዳ ቆመ። የመድን ኩባንያው የሰማው ግን ከሃያ ቀን በኋላ ነው። ጉዳቱን የሚገምተው ባለሙያ ሲደርስ ያየው አዲስ ግድግዳ እንጂ የተቃጠለ ቤት አልነበረም።

የአጥቢያው ኮሚቴ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈ። በደብዳቤውም በጎተራው ከነበረው እጥፍ የሚሆን በቆሎና በርበሬ ተቃጠለ ተብሎ ተዘረዘረ። እኛም ደብዳቤው ከመላኩ በፊት አንብበነዋል። ቁጥሩ እንደ በዛ እያወቅን፣ ለተቸገረ ሰው የሚጠቅም መስሎን ዝም አልን። ጥያቄው ውድቅ ሆነ፤ እናቲቱም ካሳው ቀርቶባቸው የባንኩን ዕዳ ብቻቸውን ተሸከሙ። ኋላ የመድን ውሉን ስናነበው ሕንፃውን እንጂ እህሉን ጨርሶ አያካትትም ነበር። ያልተጠየቀ ምስክርነት ሰጥተን የተጠየቀውን አበላሸን። ያ ስሕተት በሌላ አጥቢያ እንዳይደገም ይህን ትምህርት አቅርበናል።

1. የመድን ውል ምንድር ነው?

በአገራችን የመድን ውል የሚገዛው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ነው። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣም ስለ መድን የሚደነግገው ክፍል ሳይሻር ቀጥሏል። ባለቤቱ አረቦን ይከፍላል፤ መድን ሰጪውም በውሉ የተጠቀሰው አደጋ በደረሰ ጊዜ ካሳ ይከፍላል። ከዚህ ውስጥ አራት ነገሮችን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

ሀ. ካሳ የጠፋውን ይተካል እንጂ አያበለጽግም። ክፍያው ንብረቱ አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ አይበልጥም። አሥር ዓመት ያገለገለ ቆርቆሮ እንደ አዲስ አይታሰብም።

ለ. ዋጋው ዝቅ ተደርጎ መድን የተገባለት ቤት ካሳውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ለምሳሌ 1,200,000 ብር የሚያወጣ ቤት በ600,000 ብር ብቻ መድን ቢገባለትና 400,000 ብር የሚገመት ጉዳት ቢደርስበት፣ የሚከፈለው 200,000 ብር ነው። የቀረው በባለቤቱ ላይ ይወድቃል። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ እየናረ ባለበት ዘመን ከዓመታት በፊት የተጻፈውን ግምት ሳያድሱ መቀመጥ ብዙዎችን የሚጎዳው በዚህ ምክንያት ነው።

ሐ. በውሉ ያልተጻፈ አይካስም። የቤት መድን ብዙ ጊዜ ሕንፃውን ብቻ ይይዛል፤ የቤት ዕቃ፣ የሱቅ ሸቀጥና የጎተራ እህል ለየብቻ መመዝገብ አለባቸው። መደበኛው የእሳት መድን ስለ እሳትና ስለ መብረቅ ነው፤ ነፋስ፣ ጎርፍና የመሬት መንቀጥቀጥ በተጨማሪ አረቦን የሚገቡ ናቸው። የምስጥ ጉዳት፣ እርጅናና ቀስ በቀስ የሚመጣ የጣራ ማፍሰስ የባለቤቱ ጥገና እንጂ የመድን ጉዳይ አይደለም። ጦርነትና ሁከት የሚያደርሱትን ጥፋትም መደበኛው ውል አይሸፍንም፤ ለሁከትና ለሽብር አደጋ የሚሆነው ሽፋን ለብቻው የሚገዛ ነው። አካባቢያችን ባለበት ሁኔታ ይህን ሳይጠይቁ መፈረም አይገባም።

መ. ቤቱ የባንክ መያዣ ከሆነ ካሳው አስቀድሞ ለዕዳው ሊውል ይችላል። ስለዚህ አደጋው ሲደርስ ከመድን ሰጪው ጋር ባንኩም ይነገረዋል።

2. የመጀመሪያዎቹ ቀናት

የካሳ ጥያቄ የሚጸናውም የሚፈርሰውም በአብዛኛው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ሐዘንተኛው ባለቤት በዚያ ሰዓት አሳቡ ስለሚበተን፣ ከአጥቢያው አንድ የተረጋጋ ሰው አጠገቡ ቆሞ የሚከተለውን ቢያስፈጽምለት ከብዙ ማጽናኛ ቃል ይበልጣል።

አንደኛ፣ ሰውና እንስሳ ከአደጋው ይውጡ፤ እሳቱ ይጥፋ፤ የኤሌክትሪክ መስመሩ ይቋረጥ።

ሁለተኛ፣ ምንም ነገር ከመነሣቱ በፊት በእጅ ስልክ ፎቶግራፍ ይነሣ። ጣራው፣ እያንዳንዱ ግድግዳ፣ የእሳቱ መነሻ የመሰለው ቦታና የተቃጠለው ዕቃ አንድ በአንድ ይታዩ።

ሦስተኛ፣ ለፖሊስና ለቀበሌ ይመልከት፤ የጽሑፍ ማስረጃም ይወሰድ።

አራተኛ፣ ለመድን ሰጪው በጽሑፍ ይነገር። ሕጉ ባለመብቱ አደጋውን ካወቀ ጀምሮ በ5 ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ ያዛል። መንገድ ተዘግቶ ወይም ስልክ ተቋርጦ ማሳወቅ ካልተቻለ ምክንያቱና ቀኑ ተጽፎ ይያዝ። የማመልከቻው ግልባጭም ከተቀባዩ ፊርማና ማኅተም ጋር በባለቤቱ እጅ ይቅር።

አምስተኛ፣ ጉዳቱ እንዳይባባስ ይጠበቅ። ዝናብ እንዳይገባ ሸራ ወይም ፕላስቲክ መዘርጋት፣ ሊወድቅ ያለውን ግድግዳ መደገፍ ተገቢ ነው፤ ለዚህ የወጣው ገንዘብ ደረሰኝ ይቀመጥ። ፍርስራሹን መጥረግ፣ ቆርቆሮውን መሸጥና አዲስ ሥራ መጀመር ግን ገማቹ አይቶ እስኪሄድ ይቆይ።

ጅጌው አይቅር፤ ቀኑ ብቻ ይዛወር። እስከዚያው ቤተሰቡን ማሳደርና ማብላት የጎረቤት ድርሻ ነው።

3. የምስክርነት ደብዳቤ

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ስለ ተጎዳ ቤት የተጻፈ ሥርዓት አለ። የቤቱ ባለቤት ወደ ካህኑ መጥቶ የታየውን ይናገራል። ካህኑም ዕቃው እንዲወጣ አዝዞ ራሱ ገብቶ ያያል፤ ሰባት ቀን ዘግቶ ተመልሶ ይመረምራል። የተጎዳው ድንጋይ ብቻ ከሆነ ይለወጣል፤ ቤቱ የማይድን ከሆነ ይፈርሳል። በዚህ ሥርዓት ባለቤቱ ከታየው አይጨምርም፤ ካህኑም ሳያይ አይፈርድም።

ዛሬም ደብዳቤ ስንጽፍ ልኩ ይኸው ነው። በዓይናችን ያየነውን «አየን»፣ የሰማነውን «ባለቤቱ እንደ ነገሩን» ብለን እንለይ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ በቦታው የነበሩትን ሰዎችና የቤቱን ስፋት በእርምጃም ቢሆን ለክተን እንጻፍ። የእሳቱን መነሻ ካላወቅን አናውቅም እንበል። ያልቆጠርነውን ኩንታል አንቁጠር። ሆን ተብሎ የተጋነነ ጥያቄ የሐሰቱን ክፍል ብቻ ሳይሆን እውነተኛውንም ያሳጣል። የአንድ ደብዳቤ ሐሰት ከታወቀ በኋላም በሚቀጥለው ዓመት ለሌላው ምእመን የምንጽፈውን ማን ያምነዋል? የአጥቢያ ማኅተም የሚከበረው በቀደሙት ደብዳቤዎቹ እውነት ነው።

4. ጥያቄው ውድቅ ቢሆን

ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥ ይጠየቅ፤ ከውሉ አንቀጽ ጋርም ይመዛዘን። ግምቱ አንሷል ከተባለ ከአካባቢው ግንበኛና አናጢ የተፈረመ የጥገና ወጪ ዝርዝር ይቅረብ። «ሙሉ በሙሉ ተከፍሎኛል» የሚል ወረቀት ሳይነበብ አይፈረም። ባለቤቱ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል፤ ነገር ግን ከመድን ውል የሚነሣ ጥያቄ በ2 ዓመት ይርጋ ስለሚታገድ «ነገ ይሆናል» በሚል ተስፋ ጊዜው እንዳያልፍ። መድን ሰጪዎችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ መሆኑም ይታወቅ።

5. መድን ለሌለው ቤት

በጃቢ ጠህናንና በቡሬ ገጠር ያለው አብዛኛው ቤት መድን የለውም፤ መድኑ ዕድሩ፣ ጅጌውና ዘመዱ ነው። ሆኖም ይህ ትምህርት ለእርሱም ይሠራል። ብዙ ዕድሮች ደንባቸው ስለ ሞት እንጂ ስለ ቤት ቃጠሎ ዝም ይላል፤ አደጋው ሲደርስ መዋጮው በሐዘኑ ግለትና በሰውየው ዝምድና ይወሰናል። ወዳጅ የበዛለት ብዙ ያገኛል፤ መጻተኛውና መበለቲቱ ጥቂት። የእንጨት፣ የቆርቆሮ፣ የእህልና የሥራ ቀን መዋጮ ልኩ አስቀድሞ በደንብ ቢጻፍ፣ ጉዳቱም በሦስት ሰዎች ታይቶ ቢመዘገብ ርዳታው ለሁሉ እኩል ይሆናል።

ከዚህም ጋር እያንዳንዱ አጥቢያ አንድ የቤቶች መዝገብ ቢያዘጋጅ እንመክራለን። በመዝገቡ የባለቤቱ ስም፣ የቤቱ ስፋትና የተሠራበት ነገር፣ መድን ካለው የውሉ ቁጥርና የሚያበቃበት ቀን ይጻፍ፤ የይዞታ ደብተሩና የውሉ ግልባጭ ከቤቱ ውጭ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ። ማስረጃው ከቤቱ ጋር አብሮ የተቃጠለበት ሰው ምን እንደ ነበረው ማስረዳት ይቸግረዋል። መዝገቡም ከቤተ ክርስቲያኑ ከሚከራዩ ሱቆችና ከወፍጮ ቤቱ ይጀመር።

እናቲቱ ዛሬም ዕዳቸውን እየከፈሉ ነው። ኮሚቴው ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ ሲጻፍ ሁለት አባላት ቦታውን ሳያዩ እንዳይፈረም ወስኗል፤ እኛም ስናነብ ዝም አንልም።

ለጉባኤ ውይይት

1. በአጥቢያችን መድን ያለው ቤት ስንት ነው? ውላቸው ምን እንደሚይዝ ባለቤቶቹ ያውቃሉ?
2. የዕድራችን ደንብ ስለ ቤት ቃጠሎ ምን ይላል?
3. ለተቸገረ ምእመን ከእውነት የበለጠ እንድንጽፍ ብንጠየቅ፣ ሳናሳዝነው እንዴት እንመልስለት?
4. አደጋ ሲደርስ ፎቶግራፍ የሚያነሣና ማመልከቻ የሚያደርስ ማንን እንመድብ?